የሰብሪና ክፉ ሰውዬ

ሰብሪና አብዱልአሊም ፊልም ትተርካለች። ወረታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ስልክ የሌለው ሰው ብቻ ነው። አባቷ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። እሷ ደግሞ ከሱቁ ጓሮ ባለችው ጠባብ መጋዘን፣ ጣሪያ በነካ የጨርቅ ጥቅል መሀል ቁጭ ብላ፣ በሩን ዘግታ፣ የውጭ አገር ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ታወራለች። ጨርቁ ድምፅ ይውጣል። ውጭ ባጃጅ ቢያንባርቅ፣ አይሱዙ ጡሩንባውን ቢለቀው፣ እዚያ ውስጥ አይሰማም። እሷም ብትጮህ ውጭ አይሰማም፤ ይህን ግን እስከዚያ ሰኞ ድረስ አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

ስትተርክ ለሁሉም ድምፅ አላት፤ ለሽማግሌው፣ ለፖሊሱ፣ ለምታለቅሰው ሚስት። አክተሩን ግን አትወደውም። "እሱ እንደሆነ አይሞት፣ ምን አስጨነቀኝ!" ትላለች። የምትወደው ክፉውን ሰውዬ ነው። አርባ ሺህ ተከታይ ያፈራችውም በእሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ትገባና ከሰዎቿ ጋር ስለ ክፉ ሰዎች ስትከራከር ትውላለች። አንዱ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ነው የማይረሳኝ ይላታል፤ ሌላዋ ሳቁ የሚያስፈራው ትላታለች፤ ደግሞ ሌላው፣ በሽጉጥ ሳይሆን በጩቤ የሚገድለው።

"ኧረ ሂዱ ወዲያ!" ትላቸዋለች ሰብሪና። "ጠባሳማ ጎረቤት እኔም አለኝ፤ ዶሮ እንኳ ሲታረድ አያይም። ስሙኝማ። የሚጮኸውን ሰውዬ ነገ ትረሱታላችሁ። የማይረሳው ማን መሰላችሁ? ሊገድልህ እየወሰደህ እናትህ ተሻላት ወይ ብሎ የሚጠይቅህ ነው። ደግሞ የውሸቱን እንዳይመስላችሁ፣ ከልቡ ነው የሚጠይቅህ! እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው።"

ሰኔ ላይ ተከታዮቿ የዓመቱን ክፉ ሰው መረጡ። ያለ ምንም ክርክር ያሸነፈው ባለ ኮፍያው ነው። ባለ ኮፍያው ከአንድ የሩቅ አገር ፊልም የወጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራጫ ኮፍያ የሚደፋ ሰውዬ ነው። አንድ ቦታ ላይ ምስጢሩን ያወቀበትን ወጣት ወንዝ ዳር ይዞት ይሄድና ከኋላው ይመታዋል። ከዚያ ተንበርክኮ የወደቀውን ልጅ ጫማ ይፈታል። በሰብሪና ትረካ ባለ ኮፍያው በዚያ ለስላሳ ድምፁ እንዲህ ይላል፤ "ጫማህን ላውልቅልህ። አዲስ ነው፤ ውሃ ያበላሸዋል። ለእህትህ እኔ አደርስልሃለሁ፣ አታስብ።"

ያቺ ቅንጭብ አገር ለአገር ዞረች። የባጃጅ ሾፌሮች ሲቀላለዱ ይሏታል፤ ልጃገረዶች እርስ በርስ ይባባሏታል። ሰው የሰብሪናን ጭንቅላት አደነቀ፤ ከየት ታመጣዋለች እያለ።

ከየትም አላመጣችውም። ሰምታው ነው።

ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ነሐሴ። አባቷ ሩዝ ሊያስፈለፍል ከርብ ወንዝ ድልድይ ወዲህ ወደሚገኘው የአቶ ማናዬ ወፍጮ ይዟት ሄደ። እሱ የአስር ሶላት ሊሰግድ ዞር ሲል እሷ ከወፍጮው ጀርባ ያለው የገለፈት ክምር ውስጥ እስከ አንገቷ ተቀበረች። የሩዝ ገለፈት ክረምት ላይ ሙቅ ነው፤ ወፍጮ ቤት የሄደ ልጅ ሁሉ ይጫወትበታል። እዚያ ሆና ሁለት ሰዎች ሲመጡ አየች። አንዱ ራሳቸው አቶ ማናዬ ናቸው። ሌላው ካሴ ነው፤ ገበሬው ሩዙን ሲያመጣ ሚዛን ላይ ቆሞ የሚመዝነው ልጅ። ካሴ ተቆጥቷል።

"የሚዛኑ ድንጋይ ሐሰተኛ መሆኑን ሰኞ ገበያ ላይ እናገራለሁ፣ አልደብቅዎትም" ይላል። "የገበሬው ላብ ነው እኮ ጋሼ! እግዜርስ ምን ይለኛል?"

አቶ ማናዬ አልተቆጡም። "ልክ ነህ ልጄ፣ ተናገር" አሉት። ካሴ ፊቱን ሲያዞር ያንኑ የሚዛን ድንጋይ አንስተው ማጅራቱን አሉት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመቱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማውን ማሰሪያ ቀስ አድርገው ፈቱ፤ እናት የተኛ ልጇን ጫማ እንደምትፈታ። ያንን የጫማ ቃል ያሉት ያኔ ነው። "ለእህትህ" አላሉም፤ "ለሰገን" ነው ያሉት። ሰገን የካሴ ታላቅ እህት ናት።

ፎገራ ላይ በክረምት ወንዝ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ጫማውን አውልቆ ዳር ላይ ያስቀምጣል፤ ባዶ እግሩን ገብቶ ጥልቀቱን ይሞክራል። ካስተማመነው ተመልሶ ጫማውን ያነሳና ይሻገራል። ስለዚህ በነጋታው የካሴ ጫማ ርብ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲገኝ ማንም ምንም አልጠየቀም። ልጁ ሊሞክር ገባ፣ ደራሹ ወሰደው፣ በቃ። ሬሳው በሦስተኛው ቀን ወደ ጣና ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጫማውን ለሰገን ወስደው የሰጧት አቶ ማናዬ ናቸው፤ እንባቸው እየወረደ። የተዝካሩን ድግስም እሳቸው ቻሉ።

ሰብሪና ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ያየችውን ሁሉ ለአባቷ ነገረችው። አብዱልአሊም መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ።

"ያየሽ ሰው አለ?"

"ማንም አላየኝም።"

"አንቺም አላየሽም" አላት። "አላየሁም በይ። ወላሂ በይ።"

ወላሂ አለች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ምን ትበል? አባቷም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያለችው አንድ ልጅ እሷ ናት፤ የማናዬ ዘመድ ደግሞ አገሩን ሞልቶታል። እናቷ ስትሞትም ይህንን ሳታውቅ ሞተች።

ታዲያ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ምን አባቷ አስለፈለፋት? ፊልሙ ነው። ባለ ኮፍያው ወንዝ ዳር ላይ ያንን ጫማ ሲፈታ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም ይላል፤ የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ዝምታ! ቲክቶክ ላይ ይህ ማለት ተመልካቹን በዱላ ማባረር ነው። ተራኪ ደግሞ ዝምታ ሲያገኝ ከራሱ እየጨመረ ይሞላል፤ ሁሉም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ሰብሪና ልትሞላው አፏን ስትከፍት ያ ወጣ፤ ቃሉ ከነድምፁ፣ ከነትንፋሹ። ክንዷ ላይ ፀጉሯ ቆመ። መልሳ ሰማችው። ማጥፋት ትችል ነበር፣ ጣቷም ስልኩ ላይ ነበር። አላጠፋችውም። ለምን ቢባል ጥሩ ነበራ! ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ጥሩ ነበር። እሳቸው ከጠጅና ከእርቅ ሌላ የማያውቁ ሽማግሌ፣ ቲክቶክን ከየት ያውቁታል አለችና ለቀቀችው።

ያን ሰኞ አቶ ማናዬ ሱቁ በር ላይ ጃንጥላቸውን አራግፈው ገቡ። ዛሬ ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋፋ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፍ "ማናዬ ይምጡ" ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብራቸዋል፤ ሲገቡ የማይነሳላቸው ሰው የለም። አብዱልአሊምም ተነሳ።

"ደህና ነህ ወይ አብዱልአሊም? ጉልበትህን ተሻለህ?" አሉት። ተሻለኝ አላቸው። የሸሚዝ ጨርቅ አሳየኝ አሉት፤ አሳያቸው። እየነኩ አዩት፤ ወደዱት፤ ሁለት ሜትር አስቆረጡ። "ብርዱ አጥንት ነው የሚገባ ዛሬ" አሉ ቀጥለው። "ትኩስ ሻይ ነገር ራስህ አምጣልን እስቲ። እኔ ልጅቱን ሰላም ልበላት።"

አብዱልአሊም ወደ መጋዘኑ አየ፣ እሳቸውን አየ። እንቢ የሚባልበት መንገድ አልነበረም፤ ምን ብሎ እንቢ ይላል? ወጣ።

ሰብሪና መጋዘኑ ውስጥ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። አቶ ማናዬ ገብተው በሩን ከውስጥ ቀስ ብለው መልሰው ዘጉትና አንድ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። እሷ ለመነሳት ስትል በእጃቸው መለሷት።

"ተይ ልጄ፣ አትነሺ። ሥራ አስፈታሁሽ?"

"ኧረ ምንም አይደል ጋሼ።"

"የወንድሜ ልጅ፣ ደረሰ የሚባለው፣ አንበሳሜ ከተማ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ታውቂው የለ?" አሉ። "ቅዳሜ መጥቶ ያቺን ነገርሽን አሳየኝ። ስቄ ልሞት። ባለ ኮፍያው! እንደው እንዴት ያለ ሰው ነው የሠራሽ!"

ሰብሪና ሳቀች።

"ታዲያ ደረሰን ምን አልኩት፤ ዋናውን፣ ፈረንጆቹ የሠሩትን አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። ሰውዬው እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይልም።" አጠገባቸው ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ በመዳፋቸው ደባበሱት። "ምንም። አንድ ቃል እንኳ የለም። ደረሰም አረጋገጠልኝ።"

"እኔ ነኝ የጨመርኩበት ጋሼ። ለማሳመር ብዬ።"

"አሳምረሽዋል። ከየት አመጣሽው?"

"ዝም ብዬ ነው። ከጭንቅላቴ።"

አቶ ማናዬ አዩዋት። ምን የመሰለ የዋህ ዓይን ነው ያላቸው! ያ ዓይን ነው የተጣላ የሚያስታርቅ። ክፉ ሰው የሚያስፈራው በደግነቱ ነው እያለች ለአርባ ሺህ ሰው ስታስተምር የኖረችው ሴትዮ አሁን ከዚያ ዓይን ለመሸሽ የጨርቅ ጥቅል ትቆጥራለች።

"እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላት አይወጣም" አሉ። "አንድ ሰው ነግሮሻል። አልቆጣሽም፤ ወጣት ነሽ፣ የሰማሽውን ለሥራሽ ተጠቀምሽበት፣ ምን አጠፋሽ? እኔ የነገረሽን ሰው ብቻ ነው ማወቅ የፈለግሁ።" ከዚያ ራሳቸው እንደ ረዷት ሁሉ ቀጠሉ። "አበረ ነው?"

አበረ የዚያ የአቶ ማናዬ ወፍጮ ዘበኛ ነበር። አሁን ሰባውን አልፏል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ሰውም የለውም። ሰገን ለወንድሟ ነፍስ ብላ ጓሮዋ ያለችውን ክፍል ሰጥታው ትጦረዋለች። አረቄ ሲቀምስ ያልሆነውን የሆነውን ሲቀባጥር ይውላል፣ ማንም አይሰማውም። ሰብሪና በሕይወቷ ከእሱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርታ አታውቅም።

"መቼም ያኔ በር ላይ የነበረው እሱ ነው" አሉ አቶ ማናዬ። "ሲጠጣ ነግሮሽ ይሆናል። እሱ ከሆነ ችግር የለም። ሌላ ሰው ከሆነ ነው እንጂ እኔን የሚያሳስበኝ።"

የሰብሪና አንገት ተነቃነቀ። በኋላ ለራሷ ስትነግር አንገቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ትል ነበር፤ እስቲ አሁን ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው? ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ። አዎ ማለት ነው።

"ጎበዝ" አሏት። ተነስተው ትከሻዋን ነካ አደረጉ። "አበረን እንዲያው ረሳሁት እኔም። ዓይኑም ታሟል ይሉኛል፣ ደብረ ታቦር ወስጄ ላሳክመው ይገባኛል። በይ ሥራሽን ቀጥይ፤ ጎበዝ ልጅ ነሽ።"

አብዱልአሊም ሻይ ይዞ ሲመለስ ሰውዬው የሉም። የልጁን ፊት አየና ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠው። የሆነውን በሹክሹክታ ነገረችው። እስከ መጨረሻው ሰማትና "አልሐምዱሊላህ!" አለ። "አንቺን አላወቀም ማለት ነው!"

ይህን እንዳለ አፉን በእጁ ያዘ። አባትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ድረስ አንዳቸውም ስለ አበረ አላነሱም።

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሰብሪና እንደነቃች በሩ ጋ ሄዳ ተመለሰች። ሄጄ ለአበረ ልንገረው ትላለች፤ ደግሞ ምን ብዬ ትላለች። ከቤት ሽሽ ልበለው? የት ይሸሻል ዓይን የሌለው ሽማግሌ? ራሷን ለማዳን ያሳበቀችበትን ሰው እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቀው? እንዲህ ስትል አምስት ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ሻርፗን ደርባ ወጣች።

ሰገን ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ትለቅማለች፤ የበሰበሰውን ለብቻ፣ ለገበያ የሚሆነውን ለብቻ። ሰብሪና ከሱቅ ወደ ቤት ስትመላለስ በየቀኑ የምታልፈው በዚህ ደጅ ነው።

"እንዴት አረፈድሽ እትዬ ሰገን። ጋሽ አበረ አለ?"

"ውይ የኔ ልጅ፣ የለም!" አለች ሰገን፤ ፊቷ በደስታ በርቷል። "አቶ ማናዬ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና ቅድም መጥተው ወሰዱት። ደብረ ታቦር ዓይኑን ሊያሳክሙት ነው። ሸሚዝ እንኳ አዲስ አሰፍተው አምጥተውለት! ሽማግሌው አለቀሰ፣ ብታዪው። እኔስ ወንድሜን በቀበርኩ ጊዜ ነው የሰውዬውን ደግነት ያየሁ።"

ሸሚዙ ትናንት የሰብሪና አባት የቆረጠላቸው ጨርቅ ነው። ሰብሪና የበሩን መቃን ያዘች።

ከማዕዘኑ ባጃጁን የሚያጥበው ሾፌር፣ ሰውመሆን የሚባለው፣ ሰምቷቸዋል። "ኧረ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው" አለ፣ ጨርቁን እየጨመቀ። "ደብረ ታቦር ግን አይደለም። በጎንደር መንገድ ርብ ድልድይ ነው ያወረድኳቸው። የድሮውን ወፍጮ እናያለን፣ ትንሽ በእግራችን እንናፈሳለን ነው ያሉኝ።"

"በዚህ ጭቃ?" አለች ሰገን። "ዓይኑ የማያይ ሰው ይዘው?"

ሰብሪና ያኔ ነገረቻት። ሌላ ጊዜ ለአንድ ትንሽ ትዕይንት ሃያ ደቂቃ የምታወራዋ ልጅ ሁሉንም በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ገለፈቱን፣ ካሴን፣ የሚዛኑን ድንጋይ። መጨረሻ ላይ ያንን ቃል አለችው፤ በማናዬ ድምፅ ሳይሆን በራሷ፣ በሚሰባበር ድምፅ። "ለሰገን እኔ አደርስልሃለሁ፣ አታስብ።"

ሰገን አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። አንድ ሽንኩርት እጇ ላይ ነበር፣ እሱን ታየዋለች። "ጫማውን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው" አለች። "ማሰሪያው ተፈትቶ ነበር። ካሴ ደግሞ ጫማውን ፈትቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በእግሩ ገፍትሮ ነው የሚያወልቅ። ስንት ዓመት ተቆጥቼዋለሁ።" ከዚያ ተነስታ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ሽንኩርቱን እንደያዘች ነው።

ሰውመሆን መንገዱን በረረበት። ግራና ቀኙ ሜዳ በሙሉ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሩዙ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ሰብሪና ፖሊስ ጣቢያ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለች። የምታውቃቸውን ሰዎች ስልክ ሞከረች፣ አልያዘም። ኢንተርኔቱ ግን ነበረ። እንግዲያው ምን ቀራት? ላይቭ ገባች።

"ስሙኝ" አለች። "ሰብሪና ነኝ። ይሄ ፊልም አይደለም። ባለ ኮፍያው የሚለውን ቃል የተናገረው የእውነት ሰው ነው። ማናዬ ይባላል፤ የወረታው ማናዬ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ካሴ የሚባል ልጅ ሲገድል በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ይዞ ርብ ድልድይ ላይ ነው። በድልድዩ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች በአላህ ይሁንባችሁ ድረሱ! ሩጡ!"

ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ሆነ። ጽሑፉ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ "ኧረ ሰብሪና ገደልሽን!" ይላል። "ድምፅሽ ዛሬ ይለያል፣ እውነት ነው የመሰለኝ!" "ከባለ ኮፍያው የሚብስ ክፉ ሰው መጣ!" "ማናዬ ተመቸኝ!" ልብ ይልካሉ፣ እሳት ይልካሉ፣ አበባ ይልካሉ። "እባካችሁ እውነቴን ነው!" ብላ ጮኸች፤ እንባዋ ስልኩ ላይ ተንጠባጠበ። "ስታለቅስማ ትችልበታለች" ብሎ ጻፈ አንዱ። የማያቋርጥ ምስጋና ነበር የወረደባት። ሰገን አጠገቧ ሆና ያንን የሚሮጥ ጽሑፍ ታያለች፤ ማንበብ አትችልም።

"ምን ይላሉ? እየሄዱ ነው?" አለቻት።

ሰብሪና ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቧል። አበረን አውጥተው ዳር ላይ አስተኝተውታል፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን አልብሳዋለች፤ ከነጠላው የአዲሱ ሸሚዝ እጅጌ ወጥቶ ይታያል። አቶ ማናዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እስከ ደረታቸው ርሰዋል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። አንድ ገበሬ ጋቢውን ደርቦላቸዋል።

"ሊያድኑት ገብተው እኮ ነው!" ይላል ሰው። "በዚህ ዕድሜያቸው! እሳቸውም ለጥቂት ነው የተረፉ!"

"እጁ ከእጄ ሾለከ" ይላሉ አቶ ማናዬ እያለቀሱ። "ሽንቱን ሊሸና ፈቀቅ እንዳለ... ዓይኑ አያይ... እጁ ከእጄ ሾለከ ወገኖቼ።" ለቅሶው የእውነት ለቅሶ ነው።

ሰብሪና ሰዉን ገፋፍታ ፊታቸው ቆመች። "አንተ ነህ የገደልከው!" አለች። "ካሴንም አንተ ነህ! አይቼሃለሁ!"

ሰዉ ክው አለ። የደነገጠው ግን ገደልክ በማለቷ አይደለም፤ አንተ በማለቷ ነው። "እንዴ! ምን ያለችዋ ባለጌ ናት! አንተ ትላቸዋለች እንዴ!" አሉ ሴቶቹ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን እያየ "ላይቭ ላይ ናት፤ ለፊልሟ እየሠራች ነው" አለ። "በሬሳ ፊት? አታፍርም?" አለው ሌላው።

"ተዉአት" አሉ አቶ ማናዬ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። "ልጅ ናት። ፊልም በዝቶባት ነው፤ አትንኩብኝ።"

ሰገን በሰው መሀል አልፋ መጣች። ሰብሪና ልቧ ጥቂት ተመለሰ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው እውነቱን የምታውቅ አንድ እሷ ናት። አሁን ትናገራለች፣ ጫማውን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ሰገን ግን አቶ ማናዬን ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። የምታየው ሰብሪናን ነው።

"ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ስምንት" አለች ሰብሪና።

"አሁንስ?"

"ሃያ ስድስት።"

"በየቀኑ በደጄ ታልፊያለሽ" አለች ሰገን፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ ለሁለታቸው ብቻ። "እንዴት አደርሽ እትዬ ሰገን፣ እንዴት ዋልሽ እትዬ ሰገን ትዪኛለሽ። እኔም ምን ያለች ደግ ልጅ ናት እል ነበር።" ወደ ሬሳው ጠቁማ "ይሄን ሰውዬስ? አበረ አይቷል ብሎ ማን ነገራቸው?" አለች።

ሰብሪና ዓይኗን ወደ አዲሱ ሸሚዝ እጅጌ አዞረች። ሰገንም መልሱን አልጠበቀችም፣ ፊቷ ላይ አንብባዋለች። ዞራ ከአበረ ራስጌ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ሰብሪና አጠገቧ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል በእጇ ገፋቻት፤ በኃይል አይደለም፤ ሰው የማይፈልገውን ነገር ገሸሽ እንደሚያደርግ ነው።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሰዉ ከሰብሪና ፈቀቅ ፈቀቅ አለና ብቻዋን ቆመች። ያልራቋት አቶ ማናዬ ብቻ ነበሩ። ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ የጋቢውን አንድ ወገን ገለጥ አደረጉ።

"ነይ ልጄ" አሏት። "ብርድ ይመታሻል።"